ብቻችሁን ለሁላ በዓል ሂሎ ከሄዳችሁ

ሃዋይን ብቻችሁን ልትጎበኙ ካሰባችሁ፣ ጉዞውን ከሜሪ ሞናርክ ፌስቲቫል ጋር አገጣጥሙት። በየዓመቱ በሃዋይዋ ሂሎ ከተማ የሚከበር፣ ሁላ የሚባለው የሃዋይ ባህላዊ ጭፈራ በዓል ነው። ሳምንቱ የሚጀምረው በፋሲካ ነው፤ ግን የፈረንጆቹ ፋሲካ ነው! ከእኛው ጋር ሁልጊዜ ስለማይገጥም፣ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቀኑን አጣሩ።

በበዓሉ ላይ የሚካሄደው የሁላ ውድድር መግቢያ ትኬት ቶሎ ያልቃል። ካጣችሁ አትዘኑ፣ ቅዳሜ ጠዋት በመሃል ከተማ የሚያልፈው ሰልፍ በነፃ ነው። ውድድሩም በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል።

ሁለት ዓይነት ሁላ ታያላችሁ። ዘመናዊው አውአና በጊታርና ኡኩሌሌ በሚባል ትንሽ ጊታር መሰል መሣሪያ ይታጀባል። ጥንታዊው ካሂኮ ደግሞ በቃል ዜማ፣ በከበሮና በሚመታ ቅል ነው። ለእኔ ካሂኮ ይበልጣል፤ ሰውነትን ይነዝራል። የእጅ እንቅስቃሴው ታሪክ ስለሚናገር አጠገባችሁ ያለውን ሰው ትርጉሙን ጠይቁት። ብቻ መሆን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ከማታውቁት ሰው ጋር ወሬ መጀመር ይቀላል።

ሌይ የሚባለውን የአበባ ጉንጉን ካጠለቁላችሁ እንቢ አትበሉ። የሰጣችሁ ሰው እያየም አታውልቁት፣ ያስቀይማል። ቀለል ያለ የዝናብ ልብስም ያዙ፤ ሂሎ ዝናብ አያጣትም።