ያበጠውን ባዝ ቦምብ እንዴት እንዳስተካከልሁት

በመታጠቢያ ገንዳ ውኃ ውስጥ አረፋ እያወጣ እየፈላ የሚሟሟውን ኳስ፣ ባዝ ቦምብን፣ በቤቴ ለመሥራት ስሞክር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙከራዎች ከሽፈውብኛል። ሁለት እጅ ቤኪንግ ሶዳ ከአንድ እጅ ሲትሪክ አሲድ (ሎሚን የሚያኮመጥጠው አሲድ፣ በዱቄት መልክ) ጋር ደባልቄ በአንድ ማንኪያ ውኃ ሳርሰው፣ ድብልቁ ወዲያው ኩፍ ብሎ ከቅርጽ ማውጫው ገነፈለ፤ በማግስቱም ገጹ እንደ ኪንታሮት ጎርበጥበጥ ብሎ አገኘሁት። ሁለቱ ዱቄቶች ውኃ ሲነካቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያመነጩ፣ በገንዳው ውስጥ ሊታይ የሚገባው ፍላት እጄ ላይ እያለ አልቆ ነበር። ውኃውን ፈጽሞ ስተወው ደግሞ ኳሱ ከቅርጹ ሲወጣ ፈረሰ፤ ይህኛው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከፊተኛው ይበልጥ አናደደኝ።

መፍትሔው 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል (ለማጽጃ የሚያገለግል አልኮል) ሆነ። በመርጫ ጠርሙስ ጥቂት በጥቂት እየረጨሁ ስደባልቀው፣ አልኮሉ ከሞላ ጎደል ውኃ ስለሌለበት ዱቄቱን ፍላት ሳይቀሰቅስ አርሶ ያያይዘዋል፤ ከዚያም ተኖ ይጠፋል። ባለ 70 በመቶው ግን ቀሪው ውኃ ስለሆነ አያዋጣም። ድብልቁ በጭብጥ ሲጨመቅ እንደ እርጥብ አሸዋ ቅርጹን ከያዘ መርጨቱን አቆማለሁ። አልኮሉ ተቀጣጣይ በመሆኑ የምሠራው መስኮት ከፍቼ፣ ከእሳት ርቄ ነው። ኳሶቹንም ደረቅ ቦታ 24 ሰዓት ሳላሳድር አልነካቸውም።