በጎጃም ሥራ ስትፈልጉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ «ሥራ የለም» የሚል ወጣት ሞልቷል። «ባለሙያ አጣሁ» የሚል ቀጣሪም አለ። ሁለቱም አልዋሹም። አብዛኛው ሥራ ፈላጊ ቀጣሪው ምን እንደሚያመርት፣ ጥሬ ዕቃ መቼ እንደሚገባለት፣ ሰው መቼ እንደሚፈልግና መቼ እንደሚያሰናብት ሳያጣራ ሲቪውን አንጠልጥሎ ይዞራል። ስለዚህ ይተላለፋሉ። ከታች የማነሳቸው ስህተቶች ከሞላ ጎደል ከዚህ ጉድለት የሚመዘዙ ናቸው።

ጎጃም ስል ሰፊውን ነው፤ ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃምን፣ አዊን፣ ባሕር ዳርን። መተከልም በድሮው ክፍለ ሀገር እዚሁ ውስጥ ነበር።

ፓርኩን ቀጣሪ ማድረግ

የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚያ ወዲህ «ፓርኩ ይቀጥራል» የሚለው ወሬ አልጠፋም። በር ላይ ያለውን ጥበቃ ብትጠይቁት ይነግራችኋል።

«አያ፣ ቅጥር አለ እንዴ?»

«የቱ ድርጅት ጋ?»

«ፓርኩ ጋ።»

ምን ይበል? ፓርክ አከራይ ነው። መሬቱን፣ መንገዱን፣ መብራቱን፣ ሼዱን ያዘጋጃል። ራሱ የሚቀጥረው ጥቂት ሰው ነው። ብዙውን የሚቀጥሩት ውስጡ የገቡት ኩባንያዎች ናቸው፤ ቡሬ ላይ ለምሳሌ አኩሪ አተር የሚጨምቀው ሪችላንድ አለ። የባሕር ዳር ኢንዱስትሪ ፓርክም እንዲሁ ነው። እዚያ የሴቶች የውስጥ ልብስ የሚሰፋው ሆፕ ሉን ሰው የሚቀጥረው በራሱ መስፈርት ነው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የድርጅቱን ስም ያዙ። በር ላይ ስትደርሱም የዚያን ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ጠይቁ። «የትኛው የሥራ መደብ?» ሲሏችሁ «የተገኘውን» አትበሉ። የተገኘውን የሚል ሰው ማመልከቻው ከፋይሉ ሥር ነው የሚገባው።

ፋብሪካው ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ይመስላል ማለት

የጎጃም ኢንዱስትሪ አብዛኛው ከእርሻ ጋር የተሳሰረ ነው። ቡሬ ያለው የፊቤላ የዘይት ፋብሪካ ሲመረቅ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም እንዳለው ተነግሯል። ሰውም ወዲያው «ይህን ያህል ካመረተ ይህን ያህል ይቀጥራል» ብሎ አሰላ። አቅም ማለት ግን ጥሬ ዕቃ፣ መብራትና የውጭ ምንዛሪ ከተሟላ ነው። በሀገራችን የዘይት ፋብሪካዎች በተደጋጋሚ የሚያነሱት ችግር የቅባት እህል እጥረት ነው። ኑግና አኩሪ አተር የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ ነው። እህሉ ሲገባ ጫኝና አውራጅ፣ ሚዛን ላይ የሚቆም፣ መጋዘን የሚጠብቅ፣ የእርጥበት መጠን የሚለካ ሰው ይፈለጋል። ሐምሌ ላይ ሄዶ «ለምን አልቀጠሩኝም» ማለት ግን የገበሬ ልጅ የሚለው ነገር አይደለም።

ስኳር ደግሞ የራሱ ልማድ አለው። ጃዊ ያለው ጣና በለስ ቁጥር አንድ ፋብሪካ እንደ ማንኛውም የሀገራችን ስኳር ፋብሪካ በክረምት አገዳ መፍጨት አይመቸውም። ማሳው ይጨቀያል፣ ተሽከርካሪ አይገባም። ስለዚህ አገዳ ቆራጭ የሚፈለገው በበጋ ነው። ክረምት ላይ የጥገና ጊዜ ይሆናል፤ ሰዎቹ «ኦቨርሆል» ይሉታል። በያጅ፣ ተርነሪ የሚችል፣ ፓምፕና ቦይለር የሚያውቅ ሰው ያኔ ነው ቀጠሮ የሚያሲዘው። ይህን የሚያውቅ ቴክኒሻን ማመልከቻውን ግንቦት ላይ ያስገባል።

የገበሬዎች ዩኒየኖችንም ሰው ይረሳቸዋል። ደብረ ማርቆስ ጎዛምን አለ፣ ፍኖተ ሰላም ዳሞት፣ ባሕር ዳር መርከብ። ማዳበሪያ ያሠራጫሉ፣ እህል ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ። ሒሳብ ሠራተኛ፣ ንብረት ያዥ፣ ሾፌር፣ የግብርና ባለሙያ ይፈልጋሉ። እንደ ባንክ አያብረቀርቁም፤ ሰው የማይሰለፍባቸውም ለዚሁ ይመስለኛል።

ልብስ ስፌት ከመኸር ጋር አይያያዝም፤ የሚያያዘው ከውጭ ትእዛዝ ጋር ነው። ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም አሜሪካ ለአፍሪካ ሀገራት ከቀረጥ ነፃ ገበያ ከምትሰጥበት ዕድል፣ የወጣችው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው። ያኔ ወደ አሜሪካ ይልኩ የነበሩ የሀገራችን ፋብሪካዎች ላይ ዱላው አርፏል። ስለዚህ ልብስ ፋብሪካ ስትገቡ ምርቱ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁ። ጥያቄው አያስቀጣም።

ዲግሪን ይዞ መንግሥት እስኪጠራ መጠበቅ

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራ፤ ሦስት ዩኒቨርሲቲ በአንድ አካባቢ። በየዓመቱ የሚያስመርቁትን ሁሉ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሊቀጥር አይችልም። ዩኒቨርሲቲዎቹና ሆስፒታሎቹ ራሳቸው ትልቅ ቀጣሪ መሆናቸውን ግን አትርሱ። የሚፈልጉት መምህርና ሐኪም ብቻ አይደለም። ምግብ ቤት፣ ላውንደሪ፣ ግዥ፣ ጥገና፣ ላብራቶሪ አላቸው።

ከዲግሪው ይልቅ እጅ ላይ ያለ ሙያ ቶሎ የሚያስገባባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ኤሌክትሪሺያን፣ የማቀዝቀዣ ጥገና፣ የከባድ መኪና መካኒክ፣ ፎርክሊፍት ነጂ። በቴክኒክና ሙያ የተመረቀ ልጅ ታዲያ ሲኦሲውን፣ የብቃት ምዘናውን፣ ሳይወስድ ይቀመጣል። ዲፕሎማው ሳጥን ውስጥ፣ ብቃቱ ያልተረጋገጠ። ቀጣሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ወረቀት ነው። የዲግሪ ተመራቂም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናውን ሳያልፍ ዲግሪ የለውም። «ኮርሶቼን ጨርሻለሁ» የሚለው ደብዳቤ ብዙ ርቀት አይወስድም።

ማስታወቂያን ርዕሱን ብቻ ማንበብ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚወድቀው ፈተና ላይ ሳይሆን ምዝገባው ላይ ነው።

የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ በኩር ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ በየተቋሙ ሰሌዳ ይለጠፋል፣ ከዚያ ቴሌግራም ላይ ይሰራጫል። ቴሌግራም ላይ ሲደርሳችሁ ብዙ ጊዜ ጊዜው ተበልቷል። «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለ10 ተከታታይ ቀናት» ከተባለ ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራል። «ተከታታይ የሥራ ቀናት» ከተባለ አይቆጠርም። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ተነስቶ ባሕር ዳር ለሚመዘገብ ሰው ይህች ልዩነት የመኪና ኪራይ ናት። ጽሑፉ ውስጥ «በአካል ወይም በወኪል» የሚል ካለ አንድ ዘመድ ሊያስመዘግብላችሁ ይችላል። ያ ቃል ከሌለ አትድከሙ።

ቀጥሎ የሥራ ልምዱ ነው። የግል ድርጅት የሰጠው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሲቀርብ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ይጠየቃል። ስንቱ ልጅ ሦስት ዓመት ሠርቶ ደብዳቤው ላይ ይህች ዓረፍተ ነገር ስለሌለች ብቻ ዜሮ ዓመት ተብሎ ተመልሷል። ከቀድሞ ቀጣሪያችሁ ስትለቁ፣ ገና ሳትኳረፉ፣ ደብዳቤውን እዚያው አንብቡት፦ የሥራ መደብ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ደመወዝ፣ ግብር፣ ማኅተም፣ ፊርማ። ከዓመት በኋላ ተመልሶ «እባክዎ ያርሙልኝ» ማለት ፈታኝ ነው፤ የፈረመው ሰው ሊቀየር፣ ድርጅቱም ሊዘጋ ይችላል።

ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ያዥ፣ አንዳንዴ ጥበቃም «ተያዥ ማቅረብ የሚችል» ይላል። ተያዥ በአንድ ቀን አይገኝም። ቋሚ ደመወዝ ያለው አጎት ወይም አክስት ካላችሁ አስቀድማችሁ አማክሩ።

ለቅጥር ገንዘብ መክፈል

ደላላ የሌለበት ነገር የለም፤ ሥራም ውስጥ ገብቷል። «አንድ ሰው ውስጥ አለኝ፣ በቴሌብር ይህን ያህል ላኩ» ይላል። ወይም የታወቀ ፋብሪካ ስም ለጥፎ «የመመዝገቢያ» ይጠይቃል። አትክፈሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲን ሲተረጉም ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ ነው ይላል። ክፍያ ያለበት ቀጣሪው ነው። ቀጣሪ ደግሞ ለመቅጠር ብሎ ከምንዱብ ልጅ አምስት መቶ ብር አይለምንም። መዝገብ የያዘ ሰው ገንዘብ ሲጠይቃችሁ ደረሰኝ ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ ወሬው እዚያው ላይ ይቆማል።

የወረዳ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ምዝገባ በነፃ ነው። ይዘገያል፣ እውነት ነው። ግን ፓርኮቹ በብዛት ሠራተኛ ሲፈልጉ ስም ዝርዝር የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

በቃል ተስማምቶ መግባት

«ነገ ና ጀምር» ሲባል የማይደሰት የለም። ደስታው ግን ውሉን አያስረሳ። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ወረቀት እንዲሰጥ አዋጁ ያስገድደዋል። ወረቀት የለም ማለት መብት የለም ማለት አይደለም፤ ግን ክርክር ሲመጣ አስረጂ ፍለጋ ትባዝናላችሁ።

ቁጥሮቹን በቃላችሁ ያዙ። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ተስማምታችሁ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው። «ስድስት ወር ሙከራ» የሚል ነገር የለም። የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም፤ ቀን ላይ ሲሆን በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 ይባዛል፣ ሌሊት 1.75፣ በእረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5። ጥምቀት ላይ ሠርታችሁ የአዘቦት ሒሳብ ከተከፈላችሁ ተበድላችኋል። የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን። እነዚህ የግል ድርጅትን የሚመለከቱ ናቸው፤ የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ አዋጅ ነው የሚተዳደረው።

የደመወዝ መግለጫውንም እዩት። 5,000 ብር የተባለ ሰው እጁ ላይ 5,000 አይገባም። 7 በመቶ ጡረታ፣ 350 ብር። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው ስሌት ግብሩ 500 ብር። ቀሪው 4,150 ነው። አሠሪውም በበኩሉ 11 በመቶ ጡረታ ይጨምራል። የእናንተን ቆርጦ ወደ ጡረታ ያላስገባ አሠሪ ካለ በጊዜ ይታወቅ፤ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ጠይቁ።

ደመወዙን ብቻ ማየት

ከዚያ 4,150 ላይ የቤት ኪራይ ይቀነሳል። ባሕር ዳር ላይ ስፌት የሚሠሩ ሴቶች አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት የሚከራዩት ወደው አይደለም። ሰርቪስ አለው? ምሳ ይሰጣል? የሌሊት ፈረቃ ሲያልቅ እስከየት ያደርሳል? አንዳንዴ በትንሽ ብር ያነሰው ሥራ ሰርቪስና ምሳ ስላለው ይሻላል። መንደራችሁ አጠገብ ያለ ወፍጮ ወይም መጋዘን ቤት ከእናት ቤት እያደሩ ሲሠሩት የፋብሪካውን ያስከነዳል።

ሥራ ማለት ቅጥር ብቻ ነው ማለት

አዊ ፋግታ ለኮማ ብትሄዱ ኮረብታው ዲከረንስ በሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ ተሸፍኖ ታያላችሁ። ገበሬው ችግኙን ይተክላል፣ በመጀመሪያው ዓመት በመሐሉ ጤፍ ይዘራበታል፣ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳል፣ በአራት በአምስት ዓመት ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል። ከእሱ ጋር ችግኝ አፍዪው፣ ቆራጩ፣ ከሰል አክሳዩ፣ ጆንያ ሰፊው፣ ጫኙ፣ አይሱዙ ነጂው ይበላሉ። አንዳቸውም ማስታወቂያ አልወጣላቸውም። ግን ዓይን ጨፍኖ መግባትም ስህተት ነው፤ በቅርብ ዓመታት እንደ ዋግ ያለ በሽታ ዛፉን ክፉኛ መትቶታል። ችግኝ ጣቢያ ለመክፈት የምታስቡ መጀመሪያ የግብርና ባለሙያ አማክሩ።

መራዊ አካባቢ ያለው የቆጋ መስኖ ወደ 7,000 ሄክታር ያለማል። እዚያ አቮካዶ መጥቷል። የተዳቀለ ችግኝ ማዘጋጀት የሚችል ሰው፣ ፍሬውን ሳይጎዳ ለቅሞ የሚያሽግ ሰው ይፈለጋል። ይህን ሙያ ከቢሮ ወንበር የሚያሳንሱት አሉ። እኔ አላሳንሰውም።

ለወቅታዊ ሥራ እንዲሁ መውጣት

ጎጃሜ ለአረምና ለአጨዳ መተማ፣ ሁመራ፣ ጃዊ ሲወርድ ኖሯል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ባለው ግጭት ግን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ ላለ ሰው ደውሉ።

ከካቦው ጋር ስትነጋገሩ ክፍያው በቀን ነው ወይስ በኮንትራት፣ ምግብ በማን ነው፣ መመለሻ ማን ይከፍላል፣ ይህ ይለይ። የካቦው ሞባይል ቁጥር ቤተሰብ ጋ ይቀመጥ። የመጨረሻው ክፍያ ሥራው ካለቀ በኋላ ከሆነ በየሳምንቱ ምን ያህል ሄክታር ወይም ቀን እንደሠራችሁ ደብተር ላይ ጻፉ፤ ካቦው ቢፈርምበት ጥሩ።

ወባ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ደጋ ያደገ ሰው ቆላ ሲወርድ ሰውነቱ ወባን አልለመደውም። አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፤ የአሠሪው አጎበር ለሁሉም አይበቃም። ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንትም በወርም ትኩሳት ከመጣ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትተኙ። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጃዊ ወይም መተማ እንደነበራችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ የደም ምርመራ ያዙላችኋል።