ከሹራቡ በፊት ካናቴራው፦ ለተራራ ብርድ ሱፍ ስንለብስ የምንሠራቸው ስህተቶች

መጀመሪያ በስሙ እንግባባ። "ሱፍ" ስል የሠርጉን ሙሉ ልብስ ወይም ተቆልቶ የሚወቀጠውን የሱፍ ፍሬ ማለቴ አይደለም። የበግ ጸጉር ማለቴ ነው።

ሰሜን ተራሮች መጀመሪያ የሄድኩት በታኅሣሥ ነበር። ግጭ ካምፕ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚያ ወቅት ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይነጋል። እኔ ወፍራም የሱፍ ሹራብ ስለነበረኝ አልሰጋሁም። ማታ እሳት ዳር ተቀምጬ ግን ጥርሴ አልገጥም አለኝ። አብሮን የነበረው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ)፣ በአባቴ ዕድሜ የሚሆን ሰው፣ እጁን አንገቴ ሥር አስገብቶ ካናቴራዬን ዳሰሰና "ልጄ፣ ይሄ እኮ ርሷል፤ አውልቀው" አለኝ።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፤ ከሱፍ ሥር ጥጥ መልበስ። ቀን ሽቅብ ስወጣ ያላበኝን ላብ ያ የጥጥ ካናቴራ ጠጥቶ ይዞታል። ጥጥ ቶሎ አይደርቅም፤ ቆዳ ላይ ተለጥፎ የሰውነትን ሙቀት ይበላል። ላዩ ላይ ሦስት ሹራብ ቢደረብ ለውጥ የለውም። የበግ ጸጉር ግን የክብደቱን 30 በመቶ የሚያህል እርጥበት ውስጡ ይዞ እንኳ ቆዳ ላይ እርጥብ እርጥብ አይልም። ጸጉሩ ጥቅልል ስለሆነ በመሃሉ አየር ያስቀራል፤ የሚያሞቀን ያ አየር ነው። ስለዚህ ቆዳችሁን የሚነካው ስስ ሱፍ ይሁን። ሜሪኖ የሚባለው የበግ ዝርያ ጸጉር ቀጭን ስለሆነ አያሳክክም። ውድ ነው፤ አቅም ካልፈቀደ ፖሊስተር የስፖርት ማልያም ከጥጥ ይሻላል።

ጋቢም እዚሁ ውስጥ ይገባል። እወደዋለሁ፣ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ወደር የለውም። ግን አራት እጥፍ ጥጥ ነው። ካፊያ ከነካው እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ሲደርቅም ቀኑን ሙሉ ነው። የመንዝ ሰው ብርዱን በባናና በበርኖስ የሚመክተው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱም የበግ ጸጉር ናቸው።

ሹራብ ሁሉ ሱፍ ይመስለናል። ሰልባጅ ተራ የሚቆለለው አብዛኛው አክሪሊክ የሚባል ሰው ሠራሽ ክር ነው። መለያው ላይ "ዉል" (wool) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃልና መቶኛውን ፈልጉ። መለያው ከተቆረጠ ደግሞ ቤት ወስዳችሁ ከውስጥ ስፌቱ አንዲት ክር ምዘዙና ክብሪት ለኩሱባት። ሱፍ ከሆነ እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ይደቃል። አክሪሊክ ይቀልጥና እንደ ዶቃ ይጠጥራል። እሳት ዳር የምትቀመጡ ከሆነ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ የቀለጠ ጨርቅ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ጠዋት ስለበረደ ብቻ ያለውን ሁሉ ደርቦ መነሳት ሌላው ነው። ጉዞ ስትጀምሩ ትንሽ ብርድ ብርድ ይበላችሁ፤ አሥር ደቂቃ ዳገት ያሞቃችኋል። ሹራቡን ቦርሳ ውስጥ ያዙትና አናት ላይ ስትቆሙ፣ ገና ሳይበርዳችሁ፣ ልበሱት።

ሱፍ ነፋስ አይመክትም። የሹራብ ቀዳዳ ለነፋስ በር ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ ስስ የንፋስ ጃኬት ደርቡበት። ለአዳኝ ግን ይህ ችግር አለው፤ ያ ጃኬት እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። በብርድ አገር አዳኞች ሱፍን የሚወዱት ድምፅ ስለሌለው ጭምር ነው። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ፎቶ ለማንሳት አድፍጦ ለሚጠብቅም ያው ነው። መላው ቀላል ነው፤ ጃኬቱን ከሥር፣ ሱፉን ከላይ።

ካልሲ ሲደረብ ጫማው ከጠበበ እግር ይበልጥ ይበርደዋል። ደሙ መዘዋወሪያ ያጣል። አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይበቃል።

የመጨረሻው እቤት ከተመለስን በኋላ የሚመጣ ነው፤ እጥበት። የበግ ጸጉር እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ላይኛ ሽፋን አለው። ፍል ውሃና ፍትጊያ ሲያገኘው ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ልብሱም ይኮማተራል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ነበረበት አይመለስም። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለስላሳ ሳሙና ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት እንጂ አትሹት። ገመድ ላይ ከተሰቀለም ይለጠጣል፣ ፎጣ ላይ አንጥፉት። ከሰሜን የተመለሰውን ሹራቤን እኔ በፍል ውሃ ከጂንሴ ጋር ማሽን ውስጥ ከተትኩት። አሁን የስድስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ይለብሰዋል፤ እሱንም እጅጌው አጥሮታል።