ፍሪ ሀብ ከመግጠማችሁ በፊት፦ የቱ ይሰበር?

መኪናዋ ኤችዜድጄ 78 ናት። ያቺ ረጅሟ ላንድክሩዘር፣ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ። ባለቤቷ ቱሪስት ይዞ ደቡብ ይመላለሳል። ጋራዤ የደረሰችው ተጎትታ ነው። መሪ ሲዞር የፊት ቀኝ ጎማዋ ቀጭ ቀጭ ሲል ከርሟል፤ ማንም አልሰማውም። ማጎ ፓርክ፣ ዝናብ የመታው ዋልካ አፈር ውስጥ አንዴ ጓ አለና አበቃ። ቢርፊልዱ ሄደ።

ቢርፊልድ የምንለው ከዲፈረንሻል የሚመጣውን አክስል ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን፣ ስድስት ኳሶች ያሉትን መጋጠሚያ ነው። ጎማው እየዞረም መሪ እየተጠመዘዘም ኃይል የሚያስተላልፈው እሱ ነው። መሪውን ጥግ ድረስ አዙራችሁ፣ ጭቃ ውስጥ ጋዝ ስትረግጡ ደግሞ መጀመሪያ የሚሰበረውም እሱ ነው።

ነገሩን ያባባሰው ፍሪ ሀብ አለመኖሩ ነው። ፍሪ ሀብ የፊት ጎማው መሐል ላይ ያለው መዞሪያ ነው፤ «ሎክ» ሲባል ጎማውን ከአክስሉ ጋር ይቆልፋል፣ «ፍሪ» ሲባል ይለያያቸዋል። ከዓመታት በፊት ሀቡ ሲበላሽ አንድ ጋራዥ አውጥቶ ድፍን ፍላንጅ፣ ጎማውን ከአክስሉ ጋር ሁልጊዜ አስሮ የሚይዝ ብረት፣ አስሮበታል። «ከእንግዲህ አያስቸግርህም» ብለውት። ፍላንጁስ በእርግጥ አላስቸገረም። ግን አክስሉ፣ የፊት ዲፈረንሻሉና ፕሮፔለር ሻፍቱ አስፋልት ላይም ሳይቀር ከጎማው ጋር ሲዞሩ ኖሩ። ቢርፊልዱ ሲሰበር ደግሞ ሀቡን ወደ ፍሪ አዙሮ ጎማውን ከአክስሉ መለየት የለም። ሾፌሩ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ፍላንጁን ፈታ፣ ቀዳዳውን በፌስታልና በፕላስተር አሸገ፣ በኋላ ጎማ ብቻ እያቃሰተ ጂንካ ገባ።

ባለቤቱ አንድ ነገር ወስኖ መጣ። ክሮም ሞሊ፣ ማለትም ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ካለበት ጠንካራ ብረት የተሠራ፣ ቢርፊልድና አክስል ከውጭ አስመጥቷል። «ሀቡንም ከሁሉ የጠነከረውን ግጠምልኝ» አለኝ። እምቢ አልኩት።

ምክንያቴ ይኼ ነው። ክሮም ሞሊ ከፋብሪካው ብረት በጣም ይጠነክራል፣ እሺ። ግን ኃይሉ የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ቢርፊልዱ ካልተሰበረ ሀቡ ይሰበራል። ሀቡም ካልተሰበረ የዲፈረንሻል ጥርስ ይበላል። ዲፈረንሻል በረሃ ላይ አይቀየርም። ቢርፊልድ ለመቀየር ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ሀብ ግን በ20 ደቂቃ፣ በሁለት ሦስት ቁልፍ ይቀየራል። ስለዚህ ሀቡን እንደ ፊውዝ አስቡት። የፋብሪካውን ዓይነት ጥሩ ሀብ ግጠሙ፣ አንድ መጠባበቂያ ከመቀመጫ ሥር አስቀምጡ። አሥራ አንድ ዓመት ነድቼ ነው ቁልፍ የያዝኩት፣ እዚህ ላይ አልከራከርም።

ወደ ሥራው። መለዋወጫ ስትገዙ አሮጌውን በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሶማሌ ተራ «ያው ነው» የማይባል ዕቃ የለም። የአክስሉን ጫፍ ጥርሶች አንድ በአንድ ቁጠሩ፣ የሀቡንም የውስጥ ጥርሶች ቁጠሩ። የግራና የቀኝ አክስል ርዝመታቸው እንደሚለያይ አትርሱ። ከፍላንጅ ወደ ሀብ ስትቀይሩ ደግሞ የስታዶቹን፣ ዳዶ የሚታሰርባቸውን ባለ ጥርስ ዘንጎች፣ ርዝመት እዩ። ዳዶው ታስሮ የስታዱ ጥርስ ከዳዶው ወጥቶ ካልታየ ስታዱ አጭር ነው።

ጎማውን አውጡ። የፍሬን ካሊፐሩን ፍቱና በሽቦ ስቀሉት፣ በቱቦው አይንጠልጠል። የፍላንጁን መሐል ክዳን አንሱ፣ አክስሉ ጫፍ ላይ ያለውን ስናፕ ሪንግ (አፉ ክፍት የሆነውን የብረት ቀለበት) አውጡ። ከዚያ ስድስቱን ዳዶዎች።

አሁን አብዛኛው ሰው የሚናደድበት ቦታ ደረስን። ዳዶዎቹ ወጥተውም ፍላንጁ አይነቃነቅም። ከሥራቸው የሾጠጡ፣ ጎናቸው የተሰነጠቀ ሮንዴላዎች አሉ፤ ቀዳዳው ውስጥ እንደ ሽብልቅ ተቀርቅረዋል። በካቻቢቴ አትፈልቅቋቸው። ዳዶውን መልሳችሁ ስታዱ ጫፍ ላይ በጥቂቱ አስገቡት፣ ጥርሱን ይጠብቅላችኋል። ከዚያ በነሐስ መዶሻ ምቱ። ስታዱን ብቻ ሳይሆን የፍላንጁንም ጎን ዙሪያውን። ሁለት ሦስት ጊዜ ድምፁ ደረቅ ነው። አራተኛው ላይ «ጢብ» ይልና ሮንዴላው ራሱ ወደ ውጭ ይዘላል። ያቺን ድምፅ እወዳታለሁ።

ከውስጥ ሁለት ትልልቅ ዳዶዎች፣ በመሐላቸው የታጠፈ ማቆለፊያ ሮንዴላ አለ። እጥፋቱን አቅኑና በ54 ቡሶላ ፍቱ። ይቺ መኪና ላይ ከእኔ በፊት የነካት ሰው በመሮና በመዶሻ ነው የፈታው። የዳዶው ጠርዝ አይጥ የበላው ዳቦ መስሏል። የ54 ቡሶላ ውድ አይደለም፣ ግዙ።

ኩሽኔታውና ዲስኩ ከወጡ በኋላ ስፒንድሉን (ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን፣ አክስሉ በውስጡ የሚያልፍበትን ቱቦ) የያዙትን ስምንት ቡሎኖች ፍቱ። አክስሉን ስታወጡ የቢርፊልዱን ጠፍጣፋ ጎን ወደ ላይ አድርጋችሁ ሳቡ፤ ያለዚያ ይያዛል። እዚህ መኪና ላይ አክስሉ ለሁለት መጣ። የተሰባበረውን ኳስና ቀፎ በማግኔት ለቀምኩት።

ናክሉ (ቢርፊልዱ የሚቀመጥበት ቤት) ውስጥ ያለውን ግራሶ በጣታችሁ ንኩት። ወፍራም ከሆነ ጥሩ። እንደ ሾርባ ከቀጠነ የዲፈረንሻል ዘይት ገብቶበታል፣ የውስጥ ኦይል ሲሉ (ዘይት ማገጃው) አልቋል ማለት ነው። ቀጠነም አልቀጠነ እዚህ ድረስ ከመጣችሁ ቀይሩት። ሁሉንም በናፍጣ እጠቡ፣ አድርቁ። ለቢርፊልዱ ሞሊብዲነም ያለበትን ጥቁር ግራሶ ኳሶቹ መሐል እስኪገባ ጠቅጥቁ።

ስፒንድሉን በአዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) መልሱ። የጎማ ኩሽኔታ ማጥበቅ ላይ «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚል መካኒክ ብዙ ነው። እኔ አላውቀውም። የመጀመሪያውን ዳዶ በ60 ኒውተን ሜትር አካባቢ አጥብቄ፣ ዲስኩን ግራ ቀኝ አዙሬ፣ አላልቼ፣ እንደገና በቀስታ አጠብቃለሁ። ከዚያ አንዱ የጎማ ስታድ ላይ የመንጠልጠያ ሚዛን አስሬ እስባለሁ። ዲስኩ መዞር ሲጀምር ከ3 እስከ 5 ኪሎ ካነበበ ትክክል ነው። ማቆለፊያው ሮንዴላ፣ ሁለተኛው ዳዶ፣ እንደገና በሚዛን፣ ከዚያ እጥፋት።

አሁን ሀቡ። ጓርኒሲዮን፣ የሀቡ አካል፣ የሾጠጡት ሮንዴላዎች፣ ዳዶዎቹ። ከ30 እስከ 35 ኒውተን ሜትር ይበቃል። አክስሉ ጫፍ ላይ ባለው ቀዳዳ 8 ሚሊ ቡሎን አስገብታችሁ ወደ ውጭ ሳቡ፣ ስናፕ ሪንጉ ቦታው ላይ ይቀመጣል። ሀቡ ውስጥ ግራሶ በስሱ ብቻ ቀቡ። አንዳንዱ እንደ ቅቤ ያጭቀዋል፤ ያኔ ስፕሪንጉ መግፋት ያቅተውና ሎክ ብትሉትም አይቆልፍም።

ክዳኑን ስትገጥሙ መዞሪያው ፍሪ ላይ ይሁን። ምላሶቹ ከውስጥ ቦያቸው ጋር ይግጠሙ። ክዳኑ በእጅ ተገፍቶ ካልተጠጋ ቡሎን በማጥበቅ አታስገድዱት፣ ይሰነጠቃል። ስድስቱ ትንንሽ ቡሎኖች 10 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው የሚፈልጉት።

ፈትሹ። መኪናው ክሪክ ላይ እያለ ፍሪ አድርጋችሁ ጎማውን አዙሩ፣ አክስሉ ዝም ማለት አለበት። ሎክ አድርጋችሁ አዙሩ፣ አሁን አክስሉ አብሮ መዞር አለበት። በሁለቱም በኩል። አንዱን ሎክ ሌላውን ፍሪ ረስቶ «ፎር ባይ ፎሩ አይሠራም» ብሎ የመጣ ደንበኛ አለኝ፤ ዲፈረንሻሉ ኃይሉን ወደ ልቅቁ ጎን ልኮት ነው። 500 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና በቶርክ ሬንች ንኳቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለቤቱ ከመንገድ ደወለ። ተቆጥቷል። «ሎክ አድርጌ ከጭቃ ወጣሁ፣ አሁን ወደ ፍሪ አልዞር አለኝ። ፒንሳ አምጥቼ ላዙረው?»

«ፒንሳውን አስቀምጥ» አልኩት። «ፎር ባይ ፎሩን አውጣና አንድ ሜትር ወደ ኋላ ሂድ።»

የበር ድምፅ ሰማሁ፣ ሞተር፣ ከዚያ እግሩ ጭቃ ላይ። ቀጭ አለ።

«ዞረ» አለና ዘጋው።