ጌሙ ተንቀራፈፈ ብላችሁ ግራፊክስ ካርድ ለመግዛት አትሩጡ

ጓደኛዬ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። "ግራፊክስ ካርዱ ሞቷል፣ ሌላ ልግዛ" አለኝ። ግራፊክስ ካርድ የጌሙን ምስል የሚሠራው ክፍል ነው። አንደኛ፣ የላፕቶፕ ካርድ ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ የተበየደ ስለሆነ እንዲህ በቀላሉ አይቀየርም። ሁለተኛ፣ ካርዱ ሥራ ፈት ተቀምጦ ነበር እንጂ አልሞተም!

ችግሩ መቼ እንደሚጀምር ልብ በሉ። አብዛኛው መልስ እዚያ ነው።

ገና ከመክፈታችሁ ይንቀራፈፋል። የጓደኛዬ ይሄ ነበር። ጌሙን ሳትዘጉ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። የዊንዶውሱ ታስክ ማናጀር ሲመጣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ግቡ። ጂፒዩ 0 እና ጂፒዩ 1 የሚሉ ታያላችሁ፤ ጂፒዩ ማለት ግራፊክሱን የሚሠራው ቺፕ ነው። አብሮ የተሠራው ደካማው ኢንቴል 100 በመቶ እየለፋ፣ ጠንካራው ካርድ ኤንቪዲያው 0 ላይ ከተኛ ጌሙ የሚሠራው በደካማው ነው ማለት ነው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ግራፊክስ ውስጥ ጌሙን ፈልጉና ሃይ ፐርፎርማንስ የሚለውን ምረጡለት። ጌሙን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱ። ዴስክቶፕ ከሆነ የሞኒተሩ ገመድ የት እንደተሰካ እዩ። ካርዱ ላይ መሆን ሲገባው ማዘርቦርዱ ላይ የሰካ ሰው ብዙ ነው።

ለ15 ደቂቃ ጥሩ ሄዶ ከዚያ ይወርዳል። ይሄ ሙቀት ነው። እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ የካርዱ ዲግሪ ይታያል። ብዙ የላፕቶፕ ካርዶች ወደ 87 ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት፤ አየር የሚስብበትን ይደፍናል። አቧራውን በአየር ስታስነፉ ፋኑ እንዳይሽከረከር ያዙት። ካልቀነሰ ቴርማል ፔስቱ (ከቺፑ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቆ ይሆናል፤ እሱን ለባለሙያ ስጡ። እስከዚያው ፍሬሙን (በሴኮንድ የሚታየውን የምስል ብዛት) 60 ላይ ገድቡት። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሙቀቱንም በደንብ ያወርዳል።

መብራት ሲጠፋ ጌሙ ይንቀራፈፋል። በባትሪ ላይ ካርዱ የሚያገኘው ኃይል ሆን ተብሎ ይቀነሳል። መብራቱን ከመጠበቅ ሌላ መላ የለውም። መብራት እያለም ከደከመ ቻርጀሩን አገላብጣችሁ አንብቡ። 150 ዋት የሚፈልግ ላፕቶፕ ላይ 65 ዋት ቻርጀር ከሰካችሁ ያው በባትሪ እንደመጫወት ነው።

የፍሬሙ ቁጥር ጥሩ ነው፣ ግን ወደ አዲስ ቦታ ስትዞሩ ቀጥ ይላል። የካርዱ ሜሞሪ ሞልቷል። 4 ጊጋ ባለው ካርድ ላይ ቴክስቸሩን (የዕቃዎቹን ገጽታ ጥራት) አልትራ፣ ማለትም ከፍተኛው ላይ፣ ማድረግ ትርፉ ይሄ ነው። አንድ ደረጃ አውርዱት። ሜሞሪው ካልሞላ ግን ቴክስቸር መቀነስ መልኩን ከማበላሸት በቀር ብዙም አይጠቅምም፤ በሱ ፋንታ ሻዶውን (ጥላውን) ቀንሱ።

ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ካደስኩ ወዲህ ነው የምትሉ ደግሞ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ካርዱን ከፍታችሁ ሮል ባክ ድራይቨር በሉት። ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል።