ድንችን አሁን መሸጥ ወይስ ማቆየት? ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ

ጤፍ የሰበሰበ ገበሬ ዋጋው ካልጣመው ጎተራውን ዘግቶ መጠበቅ ይችላል። ድንች አምራች ይህ ምርጫ እንደ ልቡ የለውም፤ ድንች አራት አምስተኛው ገደማ ውኃ ስለሆነ ከተቆፈረበት ቀን ጀምሮ ክብደቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በዚያ ላይ በአዊም ሆነ በወልመራ ጎረቤት ሁሉ በአንድ ሰሞን ይቆፍራል፤ ሸማቹም ዋጋ ረከሰ ብሎ የሚበላውን ድንች እጥፍ ስለማያደርግ፣ ጥቂት ትርፍ ምርት እንኳ ዋጋውን ክፉኛ ይጥለዋል። ስለዚህ ከመቆፈር በፊት ወረቀትና እርሳስ መያዝ ያስፈልጋል።

ሥራው የሚጀምረው ማሳው ላይ ነው። ከቁፋሮው 10 እስከ 15 ቀን ቀደም ብለው አገዳውን ቢያጭዱት ልጣጩ ይጠነክራል። አንዱን አውጥተው በአውራ ጣትዎ ገፋ ያድርጉት፤ ልጣጩ ከተላጠ ገና ነው፣ ጆንያ ውስጥ ይቆስላል፣ የቆሰለውም አጠገቡ ያለውን ይዞ ይበሰብሳል። ከተቆፈረ በኋላ የተቆረጠውን ወዲያው ለመብል ወይም ለሽያጭ ያውሉት፤ ትልልቁን ለገበያ፣ የዶሮ እንቁላል የሚያክለውንና ከጤናማ ተክል የተገኘውን ደግሞ ለዘር ይለዩት።

ቀጥሎ ዋናው ስሌት ይመጣል። 20 ኩንታል አለዎት፣ ነጋዴውም ማሳው ድረስ መጥቶ ለኩንታል 2,000 ብር ይሰጣል እንበል። ዛሬ ቢሸጡ 40,000 ብር ያገኛሉ። ሁለት ወር ቢያቆዩትና በመድረቅ፣ በመበስበስና በመብቀል ከመቶ 15 እጅ ቢጎድል የሚተርፍዎት 17 ኩንታል ነው። ለመልቀሚያና ለማከማቻ 2,000 ብር ካወጡ፣ 42,000 ለ17 ሲካፈል 2,470 ብር ገደማ ይሆናል። የዚያን ጊዜ ዋጋ ከዚህ ካልበለጠ ማቆየቱ ኪሳራ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዋጋው 2,300 ሲደርስ አተረፍኩ ይላል፣ የጎደሉትን 3 ኩንታሎች ግን አልቆጠረም። ለዘርና ለማዳበሪያ የወጣው ገንዘብ እዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ ዛሬ ቢሸጡም ቢያቆዩም ወጥቷልና። ብድር ካለብዎት ግን የሁለት ወሩን ወለድ ይደምሩ። የሚጎድለውን መጠን ለማወቅ አንድ ጆንያ መዝነው ለብቻው ያስቀምጡ፤ በየ15 ቀኑም እየመዘኑ ይጻፉት።

ከተማ ወስደው ለመሸጥ ካሰቡ፣ ከከተማው ዋጋ ላይ የመኪና ኪራይ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የደላላና የጆንያ ወጪ ይቀንሱና የቀረውን ከማሳው ዋጋ ጋር ያነጻጽሩ። ድንች ክብደቱ ብዙ፣ ዋጋው ትንሽ በመሆኑ ኪራዩ ከሽያጩ ትልቅ ድርሻ ይወስዳል፤ ለዚህም ነው አምስት ስድስት ጎረቤት ተባብሮ አንድ መኪና መሙላቱን አጥብቄ የምመክረው። ሚዛን ሳያዩ ደግሞ አይሽጡ። ጆንያው እስከ አፉ ከሞላ በኋላ በላዩ ተቆልሎ በገመድ ሲሰፋ ከ100 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ያ ትርፍ ኪሎ ሳይከፈልበት የሚሄድ የገበሬው ላብ ነው።

ለማቆየት ከወሰኑ ለመብል የሚሆነውን ጨለማና ቀዝቃዛ፣ አየር የሚያገኝ ቦታ ያኑሩት፤ ብርሃን ያገኘ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ ጎጂ ንጥረ ነገርም ያበዛል። የዘሩ ነገር ተቃራኒ ነው፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ሳይነካው ብርሃን የሚደርሰው መደርደሪያ ላይ ሳስቶ ሲደረደር ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል። ሳይቆፍሩ መሬት ውስጥ ማቆየትም አለ። በወላይታና በጋሞ ካሳቫ የሚያመርቱ ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ ካሳቫ ከተነቀለ በሁለት ሦስት ቀን መበላሸት ስለሚጀምር መጋዘኑ ራሱ አፈሩ ነው። ድንች ግን አፈር ውስጥ በቆየ ቁጥር ለተባይና ለብስባሽ ይጋለጣል፤ ማሳውም ለቀጣዩ ዘር ሳይለቀቅ ይቀራል።

የመጨረሻውን ቀን አስቀድመው ይወስኑ። ዋጋው የጻፉትን ቁጥር ሲያልፍ ይሽጡ፤ ባያልፍም፣ ለመብል ያቆዩት ድንች ቡቃያ ማውጣት ከጀመረ ቀጣዩን የገበያ ቀን እንዳያሳልፉ።