የመድኃኒት መላመድን ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በወሎ ባዮሎጂ የምታስተምሩ ሁሉ ይህን መልስ ከፈተና ወረቀት ላይ ታውቁታላችሁ፦ «ሰውየው መድኃኒቱን ስላዘወተረ ሰውነቱ ለመደው።» የመጀመሪያው ስህተት ለዚህ ግማሽ ነጥብ ሰጥቶ ማለፍ ነው። የሚላመደው ባክቴሪያው እንጂ ሰውነት አይደለም፤ አንቲባዮቲክ ቀምሶ የማያውቅ ሕፃንም መድኃኒት በማይበግረው ባክቴሪያ ሊያዝ ይችላል።

ሁለተኛው ስህተት ሥር የሰደደ ነው፤ የሚያሰራጨውም ብዙ ጊዜ መምህሩ ነው፦ «ባክቴሪያው ራሱን ለማዳን ተለወጠ» ማለት። ባክቴሪያ አያቅድም። ዘረ መሉ ሲገለበጥ በዘፈቀደ ስህተት ይፈጠራል፤ መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊትም ጥቂት ተቋቋሚዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ተመራማሪዎቹ ጆሹዋ እና ኤስተር ሌደርበርግ እ.ኤ.አ. በ1952 ስትሬፕቶማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ካልነካቸው ባክቴሪያዎች መካከል የሚቋቋሙትን ለይተው በማውጣት ይህንን አሳይተዋል። ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ሲጠብቅ ላደገ የቆቦ ተማሪ ግን ከዚህ የቀረበ ማስረጃ አለ። ወፍ ጣፋጩን ነጭ ማሽላ ትለቅማለች፤ መራራውን ቀይ ትተወዋለች። ከተረፈው ቢዘራ የከርሞው ማሳ ቀይ ይበዛበታል። ቀዩ ማሽላ ወፏን አይቶ መረረ የሚል ተማሪ አይገኝም! ሁለቱን ዘር በሰሃን ቀላቅላችሁ፣ ነጩን እያስለቀማችሁ፣ የቀረውን በየዙሩ እጥፍ አድርጉት፤ ቆጠራውን ተማሪዎቹ በሰንጠረዥ ያስፍሩት።

ትምህርቱን በዘረ መል ለውጥ ብቻ መዝጋትም ያጎድላል። ባክቴሪያ የመቋቋሚያ ዘረ መል ሊሸከም የሚችል፣ ፕላዝሚድ የተባለ ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ለጎረቤቱ፣ ለሌላ ዝርያም ጭምር፣ ያቀብላል። ለከብት የሚወጋው ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ከሰው ጤና ጋር የሚገናኝበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ከተማሪ እጅ ባክቴሪያ ወስዶ በአንቲባዮቲክ ላይ ማሳደግ የሚያጓጓ ሙከራ ይመስላል። ያለ ደኅንነት መሣሪያ አትሞክሩት፤ ተቋቋሚውን በክፍላችሁ ማራባት ነው።

በመጨረሻም ክፍለ ጊዜውን «መድኃኒታችሁን በአግባቡ ውሰዱ» በሚል ምክር አትጨርሱት፤ ይህን ከጤና ጣቢያ ሰምተውታል። ይልቅ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት 4 መድኃኒቶችን ለምን እንደሚያጣምር ያስሉ። ከአራቱ ሁለቱን እንውሰድ፦ አይሶናያዚድን የሚቋቋም ባክቴሪያ ከ1 ሚሊዮን 1 ገደማ፣ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም ከ100 ሚሊዮን 1 ገደማ ነው። ሁለቱንም በአንዴ የሚቋቋም? ሲያባዙት ከ100 ትሪሊዮን 1 ይደርሳሉ። ከዚያ ከአራቱ አንዱን ብቻ የሚውጥ ሕመምተኛ ምን እንደሚገጥመው ጠይቋቸው።